በቀዳዳው በኩል

ሠላሳ ወንበሮች ከጓዳ አወጣሁ፣
በእርጥብ ጨርቅ ወልውዬ በረድፍ አቆምሁ፤
አሥራ አንድ ሰው መጣ።
ግማሹ ለብራና፣ ግማሹ ለነፋስ፤
የድሬ ግንቦት ነው፣ ፀሐይ እንደ ምላስ
የከዚራን ግንብ ከጧት ጀምራ ስትልስ፣
ቬንትሌተር ያለው ቤት ማን ይጠላል? ይምጣ፤
ንግግሩ ቢቀር ነፋሱን ይጠጣ።

ከመስተዋቱ ሣጥን፣ ከነጩ ጨርቅ ላይ
መጽሐፉ ተከፍቷል፤ ሁለት ገጽ ነው የሚታይ።
የቀረው ሆድ ዕቃው
እንደ ተኛ ፍየል ነው፤ ማንም አይቀሰቅሰው።
«አይነካም» ይላል፤ ረምላ ናት የጻፈችው፣
ቁልፍ ያዢያችን፣ በሦስት ቋንቋ እጅ የከለከለችው፤
እኔ ግን አይቻታለሁ፣ ጓንቷን አውልቃ
በአንድ ጣት ስትነካው፣ ዘወር ብላ ሥቃ።

ከሐረር ስትወርድ የደንገጎ ቁልቁለት
ጆሮዋን ደፍኖት፣
እልፍነሽ ጮኸች እንጂ አልተናገረችም፤
ማይክ አላስፈለገም።
«ቆዳው የፍየል ነው፤ ታጥቦ፣ ተወጥሮ፣
በድንጋይ ታሽቶ ነው የነጣው፣ እንዲህ አምሮ።
ጥቁሩ ጥላሸት ነው፣ ከተቃጠለ እህል፤
ቀዩ ለቅዱስ ስም ነው፤ ጸሐፊው ብዕር ይቀይራል
እዚያ ስም ሲደርስ። ለእኔና ለእናንተማ
ጥላሸት ይበቃል።»
እዚህም እዚያም ሳቅ ተሰማ።
«ሥዕሉንም እዩት። ደግ ሰው በሙሉ ፊት፣
በሁለት ዓይን ነው፤ ክፉውን ግን በጎኑ አዙረው ሣሉት፣
አንድ ዓይን ብቻ ሰጡት።»

«እኔስ?» አለ ሮብሌ፣ ከመጨረሻው ረድፍ ተነሥቶ።
የምድር ባቡር በያጅ ነበር፤ ግራ ዓይኑን ብልጭታ በልቶ
ሃያ ሰባት ዓመቱ። መነጽር አያደርግ፣ አይሸፍን።
«እኔን ያ ሠዓሊ በየት በኩል ይሥለኝ?»
ዝም አልን።
ቬንትሌተሩ ብቻ፣ አንድ ክንፉ ላልቶ፣
ቋ… ቋ… ይላል።
እልፍነሽ ያኔ ነው ድምጿን ዝቅ ያደረገች፤
«ሥርዓቱ ነው፣ አባባ» አለች።
«ሥርዓት አውቃለሁ» አላት፣ «ባቡርም ነበረው።»
ተቀመጠ።

ተጨበጨበ። የፕላስቲክ ውሃ ታደለ፣ ለብ ያለ።
ሰው ሁሉ ወደ ሥዕሉ ሄደ፣ ሮብሌ ግን ጥጉ ጋ ዋለ፤
ከታች፣ ከቀኙ ገጽ ላይ፣ አንዲት ቀዳዳ፣
ሽምብራ የምታህል፤ ፍየሏን ገና በሜዳ
ሳለች እሾህ የወጋት።
ጸሐፊው አልጣለው ቆዳውን፤ ቃሉን ለሁለት ከፍሎ
ግራና ቀኟን ጻፈ፣ ድንጋይ እንዳገኘ ውሃ፣ አግልሎ።

«ከወዲያኛው ገጽ» አለ፣ ትንፋሹ መስተዋቱን እያደበዘዘው፣
«ቀይ ነገር ይታየኛል። ፊደሌ ደካማ ነው፤
ግን ሁለት እግር አለው፣
ከላይ አንድ ሆኖ፣ ከታች ሀዲድ እንደሚከፈለው።»

እልፍነሽ ጎንበስ አለች። አልታያትም።
አንድ ዓይኗን ጨፈነች።
«ለ» አለች።
ረምላም መጣች፣ ጨፈነች። ተማሪዎቹም፣
ለነፋስ የመጡትም፣
እኔም፤ እንደ ዳቦ ሰልፍ ተራ ይዘን፣
አንድ አንድ ዓይን ጨፍነን።

«ለማን?» አለ ሮብሌ።
«ለጻፈው ይሆናል» አለች፣ «ላጻፈው፣ ላነበበው፣ ለሰማው፤
እንዲህ ነው ልማዱ። ካልተገለጠ አይታወቅም ስማቸው።»
«ለሰማውም አለ?»
«አንዳንዴ።»
«ሰምቻለሁ እኮ» አላት፣ ሳይስቅ።

ረምላ ቁልፏን አንቀጫቀጨች፤ ገጹ የሚገለጠው
ሰኞ ነው አለች፣ ብርሃን እንዳይበላው።
ወንበሮቹን አነባበርሁ፤ የአንዱ እግር ተሰብሯል፣
ማን እንደሰበረው እንጃ።

ሰኞ ጧት፣ ፀሐይዋ ምላሷን ሳታወጣ፣
ምርኩዝ በደረጃው ላይ ቋ… ቋ… እያለ መጣ።
አንድ ወንበር አወጣሁ።