ልዩ ልዩ ንግድ

«ንግዳችሁ ምንድን ነው?» አለች ጸሐፊዋ፣ መዝገቧን ዘርግታ።
ይበልጣል ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ «ጨዋታ።»
«ጆተኒ ነው? ወይስ ከረንቡላ?»
«በስልክ ነው፤ እኛው የምንሠራው» ስንላት፣ ጎንበስ ብላ
«ልዩ ልዩ ንግድ» የሚል ጻፈችና
ማህተሟን መታች፤ ወጣን በምስጋና።

ስሙን «ደንገል» አልነው። ቀበሌ አሥራ አራት፣
ከጎማ ቤት በላይ አንድ ክፍል፣ ሦስት ወንበር ለአራት።
ከሥር ጎማ ሲነፋ ወለሉ ይተነፍሳል፤
መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ ያስነጥሳል።
ይበልጣል ኮድ ይጽፋል፤ ምንይችል ድምፅ ይቀምራል፤
የሌለን ብር በየሽሐረግ ደብተር ይደመራል።
እኔ ውኃ እስላለሁ። ሁለት ዓመት፣ ውኃ ብቻ፤
ጠዋት ወተት የነካው ሻይ፣ ማታ የዛገ ቆርቆሮ፤
ዳሩ ላይ ተወልጄ፣ ለካ አላየሁትም ኖሮ።

ጨዋታው፦ አንድ ታንኳ፣ ከዘጌ እንጨት የጫነ፣
ገበያው ሳይበተን ባሕር ዳር ሊደርስ የባከነ።
ጉማሬ አለ፤ ነፋስ አለ፤ እንቦጭ አለ ሌሊት ሰፍቶ፣
ትናንት ያለፍክበት መስመር የሚጠብቅህ ተዘግቶ።
ከሁሉ የሚብሰው ግን፣ ደንገል ውኃ ይጠጣል፤
ሲቀዝፉት ይከብዳል፣ ሲዘገዩ ይሰምጣል።

ይህን የነገረን ጋሽ እንድሪስ ነው፣ ታንኳ ሠሪው።
ቋጠሮ በጥርሱ እያጠበቀ፣ ቃሉን በክፍተቱ እያሾለከ፦
«ፀሐይ ታሰጣዋለህ፤ ደርቆ ይነሳል። ደግሞ ታሰጣዋለህ።
አንድ ቀን ግን አይደርቅልህም።
ያን ቀን አትራገም፤ ሌላ እሰር።»
ምንይችል ድምፁን በስልኩ ቀዳ፣ ከነሳሉ፣ ከነወፉ።
ታንኳው ሲገለበጥ የኛ ጨዋታ «ተሸነፍክ» አይልም፤
እንድሪስ ነው የሚናገረው፦
«ቀስ በል ልጄ። ውኃው የትም አይሄድም።»

በለቀቅነው ሳምንት፣ መናኸሪያው በር፣ ዘፈን የሚጭን ልጅ
«ታንኳ በአምስት ብር! ታንኳ!» እያለ ይጣራል።
ይበልጣል እጅጌውን ሰብስቦ ወረደ፣ ሊጣላ።
ከአንድ ሰዓት በኋላ
ብንሄድ፣ የልጁ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ
የጉማሬውን ማምለጫ ያሳየዋል፣ አስተካክሎ።
ከተማው ተጫወተው፤ ባለ ባጃጁ ነዳጅ ወረፋ ላይ፣
የሌሊት ተረኛዋ ነርስ፣ የፖሊ ልጆች በክፍል።
የየሽሐረግ ደብተር ግን፣ «ገቢ» ከሚለው ሥር፣
ነጭ እንደሆነ ከረመ።

ከአዲስ አበባ አንድ ሰው መጣ፣ ጫማው የሚያበራ፤
ወደደው። «ግን ታንኳው ላይ» አለ፣ «መትረየስ ቢሠራ።»
የሽሐረግ፦ «እንጨት ለጫነ ታንኳ መትረየስ ምን ያደርግለታል?»
ምንይችል፣ መሬት መሬቱን እያየ፦ «ኪራይ ይከፍልለታል።»
ሁለት ለሁለት ሆንን።
ያን ለት ሦስቱ ወንበር በቃን፤
ምንይችል በሩ ጋ ቆሞ ነበር።
ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ሲመለስ፣ እኛ አልተመለስንም።

ልንዘጋ ስንሄድ ጸሐፊዋ ያችው ናት፤ አላወቀችንም።
«ልዩ ልዩ… ምን ነበር የምትሸጡት?»
ሦስቱም እኔን አዩ።
«ውኃ» አልኳት።
«የታሸገ?»
«ያልታሸገ።»
ጻፈችው።

ይበልጣል ባንክ ገባ። ምንይችል ሠርግ ይቀርጻል።
የሽሐረግ ዳንግላ ሒሳብ ታስተምራለች።
እኔ ባነር አትማለሁ፣ የምረቃ፣ የእንኳን አደረሳችሁ፤
ጣናን ሰማያዊ አድርግ ሲሉኝ፣ አደርገዋለሁ።

ጋሽ እንድሪስ ካረፈ ሁለት ክረምት አለፈ።
አዲስ ስልክ ጨዋታውን አይቀበልም፤
መስታወቱ የተሰነጠቀ አንድ አሮጌ ተረፈ።
ባለፈው እሑድ ታናሿ ልጁ ዘሃራ ዳር ላይ አገኘችኝ፤
«አለ?» አለችኝ።
ከፈትኩላት። ጉማሬውን አመለጠች፣ እንቦጩን ዞረች፣
ገበያው ከሩቅ ሲታያት
ጣቷን አነሳች።
ታንኳው ከበደ። ከበደ። ገባ።
«ቀስ በል ልጄ…»
ሳቀች፤ «ቤትም ‹በል› ነበር የሚለኝ።»
ባትሪው አራት በመቶ ይላል።
«ድገመው» አለችኝ።