ግራ እጅ

ቅጹ ግማሽ ገጽ ነው፤ ሳጥኖቹ አሥራ ሁለት፣
"ዝግጅት"፣ "ንጽሕና"፣ "የመሣሪያ አያያዝ"፣ "ስፌት"፣
ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር፣ ከግርጌው የፊርማ ቦታ፣
መጨረሻ ላይ ጠባብ መሥመር፣ "አስተያየት" የምትል፣
ባዶዋን ሄዳ ባዶዋን የምትመለስ ማታ ማታ።

ሦስት ዓመት ሙሉ አራት አራት ሰበሰብኩ፤
"ጥሩ ነው፣ በርቺ" የሚል ቃል እንደ ሳንቲም ቆጠርኩ።
አራት ስደናገር፣ አራት ሲቀናኝ፣
አራት በተረኝነት ማግስት ቆሜ እንቅልፍ ሲወስደኝ።
የቱ ጋ እንዳማረልኝ፣ የቱ ጋ እንዳበላሸሁ ሳላውቀው፣
ፋይሌ ወፈረ፤ እኔ ያው።

ዶክተር ረምዚ ግን ለፊርማ አይቸኩልም።

ያን ማክሰኞ ሌሊት ከአወዳይ የመጣ ጫት ጫኝ፣
ሆዱ እንደ ሳንቃ የደረቀ፣ በዐይኑ ብቻ የሚለምነኝ፣
አንጀቱ በታይፎይድ ተበስቶ። እኔ ያዝኩ መርፌውን፣
ሲስተር ኢፍቱ መቀሱን፣ ረምዚ ዝምታውን።
አጠብን፣ ደፈንን፣ ዘጋን። ስምንት ሰዓት ሆነ።
ጓንቱን አውልቆ "ነይ" አለኝ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጥን፤
ከጀርባችን ጄኔሬተሩ ያጓራል፣ ያነጥሳል፣ ያጓራል።

"አንቺ ምን አየሽ?" አለ፣ ከራሱ ፍርድ በፊት።
"ዘገየሁ፤ ደም ሲመጣ ደነገጥኩ።"
"ሌላስ?" ጠፋብኝ ሌላ ጥፋት።
"ቀኝሽ ጎበዝ ነው፤ ይህን ታውቂያለሽ፣ አልነግርሽም።
ግራሽ ግን ተኝቷል፤ ጨርቁ ላይ የተጋደመ እንግዳ፣ ወንድሙን አያግዝም።
አንጀቱን መወጠር፣ ማቅረብ፣ ማሳየት ነበረበት፤
ቀኝሽ ብቻውን ሲባዝን መርፌው ሦስቴ ሳተበት።"
ሦስት ቁጥር ከበበ። ፈረመ። "ግራ እጅ ይንቃ" ብሎ ጻፈበት፤
ያቺ ጠባብ መሥመር የመጀመሪያ እንግዳዋ ገባላት።

ሳልዋሽ፣ ተናደድኩ። ሦስት! ለእኔ!
በኩርፊያ ስገላበጥ ግራ እጄን ከትራሱ ሥር አገኘሁት፣
ተኝቶ፣ እንደተባለው፣ ከጎኔ።
እና ማን አስተማረው?
በግራ አይበላም፣ በግራ አይሰጥም፣ ሰላምታም በቀኝ ነው
ተብዬ ያደግሁ ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት አስተኛሁት፣
ዛሬ በአንድ ሌሊት ተነሣ ልበለው?

ጠዋት በፈረስ መጋላ ወርጄ በመኪና ግርግር ሳቋርጥ፣
ያ ሁሉ መኪና በአንድ ሲንገረገብ፣ ያ ሁሉ ክር ሲበጠስ፣ ሲቀጥል፣
አንድ ሽማግሌ ሐምራዊ ሐር ያሳልፋሉ ከመርፌው ሥር፤
ቀኛቸው መዘውሩ ላይ ነው፤ ግራቸው ነው የሚያወራው ከጨርቁ ጋር።
ይስባል፣ ይለቃል፣ ያዞራል ጠርዙን፣
መርፌዋ እዚያው ቆማ ትወጋለች፤ ግራው ያመጣላታል መንገዱን።
"ምን ፈለግሽ፣ ልጄ?"
"እጅዎን" ስል ሳቁብኝ።
"መርፌ ዐይን አላት እንጂ አታይም፤
የሚያይላት ግራው ነው" አሉኝ።

ከዚያ በግራ ሻይ አማሰልኩ፣ በግራ ቁልፍ ቆለፍኩ፣
ስፖንጅ ላይ እየሰፋሁ ለግራዬ ስሙን ጠራሁ።
በስድስተኛው ሳምንት ረምዚ እንደገና ሦስት ሰጠኝ፣
ከሥሩ፦ "ነቅቷል። አሁን ትከሻሽን ዝቅ አድርጊ" አለኝ።
ሳቅኩ በዚያ ሌሊት፣ ብቻዬን፣ ትከሻዬን ይዤ።

ዛሬ ኦብሴ፣ የአንደኛ ዓመቷ፣ ኸርኒያ ሠርታ ጨረሰች፤
ቅጹን ዘረጋችልኝ፣ ዐይኗ ቀላ፣ ጓንቷን ሳታወልቅ ቆመች።
እጄ ወደ አራት ሄደ። አራት ቀላል ናት፤ ማንንም አታስቀይም፣
ማንንም አታስተምር፣ ከዚህ ክፍል ውጭ አትከተልም።
"ነይ፣ ደረጃው ላይ እንቀመጥ" አልኳት፤
"አንቺ ምን አየሽ?"
ዝም አለች፤ እኔም ዝም፤
ብዕሩን በግራዬ ያዝኩት፣
እንዳይቸኩል።