የተበላ ማንኪያ

ሰኞ ከደሴ ወርጄ፣ ባቲ፣ ከጦይብ ደጃፍ፣
አንድ ማንኪያ አገኘሁ፣ ከምድጃው አፋፍ፤
ሊቀልጥ ተራ ይዞ፣ ከተሰበረ ድሪ ጋራ፣
እጀታው ላይ ሁለት ፊደል፣ ባለቤቱን የማይጠራ።

«የማን ነበር?» ስለው፣ ሚዛኑን አነሳ፣
ሴትዮዋ ያለችበት ጠገራ፣ ቀለለና ተነሳ።
«አብሽር፣ ብር ነው» አለኝ፣ «ብር የማን ይባላል?
አሁን ያንተ ካልሆነ፣ ማታ አንባር ይሆናል።»

ብር በብር ገዛሁ።

መደርደሪያዬ ላይ፣ ዓሣ የተሣለበት የቻይና ስኒ አለ፣
የጃፓን ሰሃን አለ፣ በሙጫ ቆሞ የዋለ፤
ለማዕድ ተፈጥረው፣
የበይ ተመልካች ናቸው።

ማንኪያውን ስወለውል፣ ግራ ጠርዙ ተበልቷል፤
አንድ ሰው፣ በቀኝ እጁ፣
አርባ ዓመት ሾርባ ጠጥቷል።

ዓርብ ቤት ስገባ፣ ልጄ ሐያት ወለሉ ላይ፣
ገንፎ ትዝቃለች በዚያ ማንኪያ፣
ቅቤው ፊደሉን ሲሸፍን ሳይ፣
ልጮህ አፌን ከፈትሁ፤ እጇን አይቼ ዘጋሁት።

ግራኝ ናት፤ እናቷ «በቀኝሽ!» ብትል የማትሰማ።
ለቀኙ ጠርዝ፣ ከዛሬ ጀምሮ፣
የአርባ ዓመት ቀጠሮ ሰጠሁት።