ሦስት መንጋጋ

ኤይባር ላይ ይዘንባል፤ የፋብሪካው ቆርቆሮ ያወራል፣
ፓቺኩ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽር ይፈልጋል።
ኔካኔ ስስ ቀለበት ማንድሪኑ ላይ ሰክታ፣
ቁልፉን አጠበቀች፣ እንዳይወልቅ ፈርታ።

ቶርኖው ዞረ። ነሐሱ እየተጠቀለለ ወደቀ፣
ካሊፐሩ «ክብ ነው» አለ፤ ልቧ ሞቀ።
መንጋጋው ሲላላ ግን
ቀለበቱ፣ አፉን ታፍኖ እንደቆየ ሰው፣ ተነፈሰ፣
ሦስት ቦታ ሰፋ፣ ሦስት ቦታ አነሰ።

ፓቺኩ አልተቆጣም። ከመሳቢያው
በጋዜጣ የተጠቀለለ ቀለበት አወጣ፣
የራሱን፤ የዛሬ አርባ ዓመት ከክብነት የወጣ።
«እጅሽ ብርቱ ነው» አላት፣ «ነሐስ ግን ቂም ይይዛል፤
ስታጠብቂው ዝም ይላል።»

ዝናቡ አላባራም።
እዚህ ቤት ሠራተኛ ይለካል።
ቃሏን አላልተህ አንብባት፣
ከዚያ አጥብቃት፤
ግን እንዳትጠምም፣ በልኩ ይበቃል።