የማን ፊት ነው?

በታኅሣሥ አጋማሽ፣ ጥር ሳይደርስ ገና፣
አንሙት ከሱቄ ገባ ከግሽ ዓባይ ጎዳና፤
መሰንቆውን ታቅፎ፣ የውሰት ካባ ለብሶ፣
ሰውየው ከልብሱ አንሶ።

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጆሮ ተጠርቼ፣
ዘንድሮ በዓይን ሆነ፤ ይኸው መጣሁ ሰግቼ።
ደላላው ምን አለኝ? ‹ሰርገኛ በስልክ ያይሃል፤
ክርህን ሳትቃኝ ገና፣ አውራ ጣቱ ያልፍሃል።›
ስለዚህ አንሳኝ ወንድሜ፣ አሳምረህ አንሳኝ፤
ወጣቶቹ ሳይቀድሙኝ፣ ጥርም ሳይረሳኝ።»

በርጩማ ላይ አስቀመጥሁት።
ከኋላው መጋረጃዬ፣ የጢስ ዓባይ ፏፏቴ፣
በላስቲክ የታተመ፣ የሱቄ ዋና ሀብቴ፤
ሐይቁ በእግር አምስት ደቂቃ፣
ደንበኛ ግን ላስቲኩን ነው የሚወደው፣ ምን ላድርግ በቃ!

«አገጭ ቀና። ትከሻ ዘና።
መሰንቆው ወደ ግራ… ፈገግ በልና።»
ፈገግታ አቃተው፣ ሰው ሲያስቅ የኖረ፤
ያለ ጠጅ፣ ያለ ጭብጨባ፣ ጥርሱ ተቸገረ።

ማታ ከኮምፒውተሬ ፊት ብቻዬን ተቀምጬ
ግንባሩን አለሰለስሁ፣ መስመር መስመር መርጬ፤
ከዓይኑ ሥር ያለውን እብጠት፣ የጉንጩንም ስንጥቅ፣
ሽበቱን ከጆሮ ግንዱ ዘለላ ዘለላ ስሰርቅ፣
ሳላውቀው አሥራ አምስት ዓመት ከላዩ ላይ ወሰድሁት፤
አልጠየቀኝም፣ አላስከፈልሁትም፤ ምርቃት ነው አልሁት።

ፎቶው ሠራ። ከሐሙሲት፣ ልጁን ሊድር አንድ አባት
ቀብድ ላከ በዚያው ዕለት።
አንሙትም በሚኒባስ፣ መሰንቆውን በጭኑ አኑሮ፣
ሄደ፤ የሙሽራዋን ስም በዜማ ሲሰካ አድሮ።
ከድንኳኑ በር ላይ አንድ ሚዜ ቆሞ፣
ስልኩንና ፊቱን ደጋግሞ፣ ደጋግሞ
አየና፣
«ይቅርታ አባባ» አለ፤ «የጠራነው ልጅዎን ነው።»

በሦስተኛው ቀን መጣ። አልተቆጣም፤ ይኼ ነው የከበደኝ።
ስልኩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረና ጠየቀኝ፦
«ይኼን ጎረምሳ ታውቀዋለህ? መልኩስ ደኅና ነው፤
እንጀራዬን ነጠቀኝ እንጂ። ጥራልኝና ላናግረው።»
ከዚያ እንደቆመ ክሩን ቃኘና
(የጎረቤቴ ፀጉር ሠሪ መቀሷን አቁማ ስትሰማ)፦

  «ወዳጄ ፎቶ አንሺው፣ እጁ የማይታማ፣
  አነሳኝ፣ አነሳኝ፣ ከሰርጉ አውድማ።»

ሰሙን ስቄ ዋጥሁት፤
ወርቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ፤ እስካሁን አላወረድሁት።

በማግስቱ ጎህ ሳይቀድ፣ ካባውን ለጌታው መልሶ፣
የዘወትር ኮቱን ለብሶ፣
ከሽንብጥ ማዶ፣ ደንገሉ ውሃ ከሚጠጣበት ወረድን።
ጣና ቀለሙን ገና አልመረጠም፤ ብርድ ነው፤ ተጠጋጋን።
«አትሳቅ» አልሁት። «አገጭህንም ተወው።
ለራስህ ተጫወት። እኔ የለሁም፤ ይኼም ዕቃ ነው።»

በጉሙ ውስጥ፣ ከዘጌ እንጨት ጭኖ ሲቀዝፍ ያደረ
አንድ ባለ ታንኳ፣ እኛን ሳያይ፣ ክሩን ሰምቶ ተናገረ፦
«አንሙት! አንተ ነህ? የእህቴን ሰርግ የተጫወትህ?
በዚያች ስድብህ እስካሁን እንስቃለን! ዛሬም አለህ?»
ወደ ድምፁ ዞረ፤ ሊመልስ አፉን ከፈተ፤
ጣቴ ሳላዛት ተጫነች። ምስሉ እንዲያው ቀረ፣ እንደተከፈተ።

መስመሮቹ በሙሉ አሉ። አንዱንም አልነካሁም።
ደላላው «አረጀብኝ፤ ያኛው ይሻል ነበር» አለ። አልመለስሁለትም።

ጥር ሊያልቅ ሲል ሁለት ሰው ደወለ።
አንዱ ዋጋ ጠይቆ ዘጋ፣ «እደውላለሁ» እንዳለ።
ሌላዋ የመራዊ ሴት ናት፤ ወንድሟን ልትድር፤ ድምፅዋ ጎርናና፦
«ፎቶው ላይ ለማን ነው የሚመልሰው?» አለች ቆየችና።
«ለአንድ ባለ ታንኳ፤ ከጉሙ ውስጥ ነው፤ አይታይም» አልኋት።
ዝም አለች። «እንግዲያ እሱን ጨምሮ ስንት ነው?»

ስልኩን ለአንሙት ሰጠሁት።