ዘጠና ላይ

ዘጠና ላይ ሲደርስ መሪው ይርገፈገፋል፤
ሰባ ላይ ሲወርድ ምንም እንዳልነካው ያርፋል።
«እጄ ነው» አለ ዳምዲን፣ «እርጅና ነው» አለ፤
ሦስት ሳምንት ጓንቱን ሳያወልቅ ከሚስቱ እየተከለለ።

ኡላንባታር ዳር፣ በቆርቆሮ ጋራዥ፣
ጎሚስታዋ ሳሩል እጁን አላየችም፤
ክሪክ አስገባች፣ የፊት ግራውን አወለቀች፣
የቸርኬውን ጀርባ በባትሪ አሰሰች።
«ባላንስህን የነሣህ ይኸው!»
ቱል ወንዝን ሲሻገር የተሳፈረ፣
በውርጭ ድንጋይ ሆኖ የቀረ
አንድ ጭብጥ ጭቃ።
በካቻቪቴ ፈልፍላ ጣለችው፤ በቃ።

ዘጠና። መቶ። መቶ ዐሥር።
መሪው ጸጥ።
ዳምዲን ብቻውን ሣቀ፣
ጓንቱን ወደ ኋላ ወንበር ወረወረ።

ማታ ኦዩን ጨው የገባበት የወተት ሻይ አቀረበችለት፤
በባዶ እጁ ተቀበላት።
ሻዩ ከሳህኑ ዳር
ክብ እየሠራ ይርዳል።
አየችው፤
ምንም ሳትል ከሥር ደግፋ ያዘችለት።