ከሮቃ ላይ የሚቀዳ

እኛ ቤት ገመድ ሁለት ነው፤
አንዱ ለጉድጓዱ፣ ወደ ታች፣
ሌላው ለሮቃው፣ ወደ ላይ፤
ጫፉ ላይ ቅርጫት፣ ቅርጫቱ ውስጥ ስልክ፣
በፌስታል የተጠቀለለ፣ ከአቧራ ከፀሐይ።

ጀልዴሳ ኔትወርክ የለም አይባልም።
አለ፤ ግን ከሦስተኛው ቅርንጫፍ በታች አይወርድም፣
ከሰው ቤት ገብቶ አያድርም።
አባቴ ሲያማው «የድሮ ሹም» ነው የሚለው፤
እጅ መንሻ ካርዱን ሞልተህለት፣
ደጅ ጠንተህ ጠንተህ፣
ምላሹ «ቆይተው ይሞክሩ» ነው።

ድሬ ግን፣ ሳቢያን፣ አጎቴ ቤት፣
ሳይጠሩት ይገባል፣ ጫማ ሳያወልቅ፤
ሳሎን ያድራል፣ ጓዳ ያድራል፣
ልጆቹ «ዘገየ» ብለው ይረግሙታል።

እናቴ ገመዱን ስትስብ እንደ ውሃ ነው፣
እንዳይፈስ፣ ቀስ እያለች፤
ቅርጫቱ ደረቷ ጋ ሲደርስ ጆሮዋን ታስጠጋለች።
ወንድሜ ዘከሪያ፣ ከጅቡቲ፣ ከወደቡ ጩኸት ጋር፦
«እማ፣ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ቀለል ብሏል።»
የሦስት ቀን ድምፅ ነው። ሙቀቱ ይሄኔ ተመልሷል።
እሷም ያላትን ተናግራ ወደ ላይ ትሰቅለዋለች፤
«ሰማሁ» ይላል ነገ፣ ወይ ከነገ ወዲያ።

የኢፍቱ የአሥራ ሁለተኛ ውጤት የወጣ ማክሰኞ
ገመዱ አልበቃም።
ቁጥር ማስገባት አለ፤ ቅርጫት ጣት የለው።
እኔ እንዳልወጣ ክንዴ በጀሶ፣
አባቴ እንዳይወጣ ወገቡን፤
ኢፍቱ ቀሚሷን ከሱሪዋ ላይ ቋጠረች።
«ሴት ልጅ ዛፍ ላይ?» አለ ከጎረቤት አንዱ።
ሀጂ ዩያ መልስ አልሰጡም፤
ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው
«ውጪ፣ ልጄ» አሉ።
የቀሩትም ወንዶች፣ አንድ በአንድ፣
ወደ ግድግዳው ዞሩ።

ላይ፣ ያቺ ክብ ትዞራለች።
ባትሪ ዘጠኝ። ክቧ ትዞራለች።
የሮቃ ፍሬ ረገፈብን፤ አንዱ አነሳና መጠጠው።
ባትሪ ስድስት።
እናቴ ባዶውን ገመድ ይዛ ቆማለች፣
የሚወርድላት ነገር እንዳለ ሁሉ።

መጀመሪያ የወረደው ነጠላ ጫማዋ ነው፤
ቀጥሎ ሳቋ።

እልልታው ሲበርድ፣ ከቅጠሉ መሀል፦
«ፎርም ደግሞ አለው፤ ስድስት ገጽ፣ እስከ ዓርብ!»
ሀጂ ዩያ፣ ፊታቸው እንደ ዞረ፣
«እንግዲያ መሰላል ይሠራ» አሉ።